ለችግረኛ የሚከፈለው ብር በምን ሚዛን ይመዘናል?

ቍና በየአገሩ ልኩ እንደሚለያይ የማያውቅ ገበሬ የለም። በአንዱ ገበያ አንድ ቍና ተብሎ የተሰፈረ ጤፍ፥ ወደ ሌላው ገበያ ተወስዶ ቢሰፈር ይጐድላል ወይም ይተርፋል። ስለዚህ አስተዋይ ሰው እህል ሲበደር የቍናውን ቍጥር ብቻ ሳይሆን የቍናውን ልክ አስቀድሞ ይጠይቃል፤ ሲመልስም በዚያው በተበደረበት ቍና ሰፍሮ ይመልሳል።

መንግሥት ለድኾች፥ ለአረጋውያንና ሥራ ላጡ ሰዎች የሚከፍለው ገንዘብም እንደዚሁ ነው። በመዝገብ የተጻፈው የብር ቍጥር ሳይለወጥ፥ ብሩ የሚገዛው እህል ሊቀንስ ይችላል። እህሉ ሳይቀንስ ቢቀር እንኳ፥ ሠርቶ አዳሪው ጎረቤት ደመወዙ ከዓመት ወደ ዓመት ሲጨምርለት፥ ተረጂው በነበረበት ቆሞ ከወገኑ ኑሮ እየራቀ ሊሄድ ይችላል። እንግዲህ የእርዳታ ገንዘብ ሁለት ሚዛን አለው ማለት ነው፤ አንደኛው የእህል ሚዛን፥ ሁለተኛው የደመወዝ ሚዛን ነው። ገንዘቡን በሁለቱም ሚዛን ሳይመዝን፥ እርዳታው በዛ ወይም አነሰ ብሎ የሚፈርድ ሹም፥ ልኩን በማያውቀው ቍና እንደሚሰፍር ሰው ይሆናል።

የእንግሊዝ አገር ምሳሌነት

ነገርን ከሥሩ፥ ውኃን ከጥሩ እንደሚባለው፥ የዚህን ጉዳይ ሥር ለመረዳት የእንግሊዝ አገርን ሥራ መመልከት ይጠቅማል፤ በዚያ አገር የእርዳታው ሕግ ረዥም ዕድሜ ስላለው፥ ሚዛን መምረጥ የሚያመጣው ውጤት በግልጥ ይታያልና። በዚህ ክፍል የተጻፉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

የእንግሊዝ ፓርላማ በ1908 ዓመት ባወጣው ሕግ፥ ዕድሜያቸው 70 ዓመት የሞላ ድኾች አረጋውያን ከ1909 ዓመት መጀመሪያ አንሥቶ በየሳምንቱ እስከ 5 ሽልንግ የሚደርስ ገንዘብ ከመንግሥት ግምጃ ቤት እንዲቀበሉ ተፈቀደ። የዓመት ገቢው ከ21 ፓውንድ የማይበልጥ ሽማግሌ 5ቱን ሽልንግ ሙሉውን ያገኝ ነበር፤ ገቢው ከዚያ የሚበልጥ ግን እንደ ገቢው መጠን እየተቀነሰ ይሰጠው ነበር።

በ1942 ዓመት፥ ጦርነቱ ገና ሳያልቅ፥ ሰር ዊልያም ቤቨሪጅ ስለ ማኅበራዊ ዋስትና ያዘጋጁት ታላቅ መግለጫ ታተመ። የመግለጫው አሳብ፥ ሠራተኛው ደመወዝ በሚያገኝበት ዘመን በየሳምንቱ ጥቂት እያዋጣ፥ ሲታመም፥ ሥራ ሲያጣና ሲያረጅ ለምግብ፥ ለልብስ፥ ለቤት ኪራይና ለማገዶ የሚበቃውን ያኽል በመብት እንዲቀበል ነበር። ይህን የተከተለው ሕግ በ1946 ዓመት ወጥቶ፥ በ1948 ዓመት ሐምሌ ወር ሙሉ በሙሉ በሥራ ላይ ዋለ። በዚያን ጊዜ ብቻውን ለሚኖር ሰው በሳምንት 26 ሽልንግ ተወሰነለት። አረጋዊውም፥ በሽተኛውም፥ ሥራ አጡም የሚቀበሉት አንድ ዐይነት ገንዘብ ነበረ። ይህም ገንዘብ በእጁ ሠርቶ የሚያድር አንድ ጎልማሳ ወንድ በአማካይ ከሚያገኘው የሳምንት ደመወዝ አንድ አምስተኛውን ያኽል ነበር።

ነገር ግን ሕጉ አንድ ነገር ጐደለው። ዋጋ ሲወደድ ወይም ደመወዝ ሲጨምር የእርዳታው ገንዘብ በራሱ የሚያድግበት ደንብ አልተጻፈበትም። ስለዚህ ለብዙ ዓመት ጭማሪ የሚደረገው ባለ ሥልጣኖቹ ሲፈቅዱ ብቻ ነበር፤ በጭማሪና በጭማሪ መካከል ባለው ጊዜ ዋጋው እየጨመረ የገንዘቡን ጉልበት ይበላው ነበር።

በ1973 ዓመት እኩል የነበሩት ተረጂዎች ተለያዩ። በዚያ ዓመት በተደረገው ጭማሪ ለጡረተኛው 7 ፓውንድ ከ75 ፔንስ፥ ለሥራ አጡ 7 ፓውንድ ከ35 ፔንስ ተመደበ። ልዩነቱ 40 ፔንስ ብቻ ስለ ሆነ ጥቂት ሊመስል ይችላል። ዳሩ ግን ብዙም ሳይቆይ በ1975 ዓመት ሕግ ለሁለቱ የተለያየ ሚዛን ተሰጣቸው፤ የጡረታው አበል ከዋጋና ከደመወዝ ጭማሪ የሚበልጠውን እንዲከተል፥ የሥራ አጡ አበል ግን የዋጋን ጭማሪ ብቻ እንዲከተል ሆነ።

በ1980 ዓመት ደግሞ ወጪን ለመቈጠብ ተብሎ የጡረታው አበል ከደመወዝ ጋራ የነበረው ማሰሪያ ተፈታና እርሱም ዋጋን ብቻ ይከተል ጀመር። ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር በጣም አስተማሪ ነው። ጡረተኛው በአበሉ የሚገዛው ዳቦ አልቀነሰበትም፤ ዋጋ በጨመረ ቍጥር አበሉም ይጨምር ነበርና። ነገር ግን የአገሩ ሠራተኛ ደመወዝ ከዋጋው ይልቅ ፈጥኖ ያድግ ስለ ነበረ፥ በ1979 ዓመት ከአማካይ ደመወዝ ሩብ ያኽል የነበረው የጡረታ አበል፥ ሠላሳ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ወደ አንድ ስድስተኛ ገደማ ወረደ። አበሉን የቀነሰ አዋጅ አልወጣም፤ የተለወጠው ሚዛኑ ብቻ ነው።

ይህ ነገር ለሕዝቡ ጎልቶ የታየው በ2000 ዓመት ሚያዝያ ነው። ዋጋ የጨመረው በመቶ 1.1 ብቻ ስለ ነበረ፥ የጡረታው አበል እንደ ደንቡ ተሰልቶ ከ66 ፓውንድ ከ75 ፔንስ ወደ 67 ፓውንድ ከ50 ፔንስ ከፍ አለ። የሳምንቱ ጭማሪ 75 ፔንስ ነበረ ማለት ነው። በስሌቱ ስሕተት አልተገኘበትም፤ ሆኖም አረጋውያኑ እንደ ስድብ ቈጠሩት፥ ቍጣውም በርትቶ በተከታዩ ዓመት አበሉ 72 ፓውንድ ከ50 ፔንስ እንዲሆን ተደረገ። ከዚያም በ2007 ዓመት ማሰሪያው እንዲመለስ በሕግ ተወሰነ፤ በ2010 ዓመት ደግሞ አበሉ ከደመወዝ ጭማሪ፥ ከዋጋ ጭማሪና በመቶ ከ2.5 የሚበልጠውን እንዲከተል ታወጀ።

ሥራ አጡ ግን እንዲህ ያለ ጠበቃ አላገኘም። ዕድሜው 25 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ብቸኛ ሥራ ፈላጊ በ2015 ዓመት ሚያዝያ የተወሰነለት 73 ፓውንድ ከ10 ፔንስ፥ እስከ 2020 ዓመት ሚያዝያ ድረስ አንድ ፔንስ ሳይጨመርበት ቆየ። በ2024 ዓመት የቀድሞው መደበኛ የጡረታ አበል በሳምንት 169 ፓውንድ ከ50 ፔንስ ሲሆን፥ የሥራ ፈላጊው 90 ፓውንድ ከ50 ፔንስ ነበር። በዚያው ዓመት ሙሉ ጊዜውን የሚሠራ መካከለኛ ሠራተኛ በሳምንት 728 ፓውንድ ያኽል ያገኝ ነበር። ስለዚህ የጡረተኛው አበል ከዚህ ደመወዝ ሩብ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፥ የሥራ ፈላጊው ስምንተኛውን ያኽል ብቻ ሆነ። በ1948 ዓመት እኩል 26 ሽልንግ ይዘው የተነሡት ሁለቱ ሰዎች የደረሱበት ስፍራ ይህ ነው።

ለፍርድ ትክክል እንዲሆን ሁለት ነገር መጨመር ያስፈልጋል። አንደኛ፥ በዚያ አገር ለድኻው የቤት ኪራይና ለልጆቹ ማሳደጊያ ከዚህ ሌላ ለብቻው የሚሰጥ እርዳታ አለ። ሁለተኛ፥ አበሉን ከደመወዝ ዝቅ ማድረግ ምክንያት የሌለው ነገር አይደለም፤ ሥራ የሚችል ሰው ሥራ እንዲፈልግ ማትጋት፥ ግብር ከፋዩንም ከከባድ ሸክም መጠበቅ ከመንግሥት ይጠበቃል። ነገር ግን ዝቅታው ምን ያኽል ይሁን የሚለው ጥያቄ፥ በግልጥ ተመክሮበት የሚወሰን እንጂ፥ ሚዛኑ ሳይታይ ከዓመት ወደ ዓመት በራሱ ተንሸራቶ የሚደርስበት ሊሆን አይገባውም።

የኢትዮጵያ ሴፍትኔት

በዚህ ክፍል ያሉት ዓመታት በኢትዮጵያ አቈጣጠር ናቸው። በኢትዮጵያ ድርቅ በደረሰ ቍጥር ለተጎዳው ሕዝብ እህል የሚለመነውና የሚታደለው ችግሩ ከደረሰ በኋላ ነበር። በ1995 ዓ.ም. እርዳታ የሚያስፈልገው ሕዝብ ከ13 ሚሊዮን በላይ ደርሶ ነበር። እህሉ በዘገየ ጊዜ ገበሬው በሬውን ሽጦ ይበላል፤ በሚመጣው ዓመት ዝናብ ቢዘንብም የሚያርስበት አይኖረውም። ስለዚህ በየዓመቱ ምግብ እንደሚጐድላቸው አስቀድሞ የታወቁ ቤተ ሰቦች፥ ድርቅ ቢመጣም ባይመጣም በቋሚ ደንብ እንዲረዱ ታስቦ፥ በ1997 ዓ.ም. ልማታዊ ሴፍትኔት የተባለው ሥራ ተጀመረ። በመጀመሪያው ዓመት 5 ሚሊዮን ያኽል፥ ከዚያም በኋላ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ በዚህ ሥራ ታቀፈ።

ደንቡ እንደሚከተለው ነው። ጉልበት ያለው ቤተ ሰብ እርከን በመሥራት፥ ኵሬ በመቈፈር፥ የገጠር መንገድ በመጥረግና ይህን በመሰለ የሕዝብ ሥራ ይሠራል፤ ለቤተ ሰቡ አባላት ለእያንዳንዱ ነፍስ በወር አምስት የሥራ ቀን ይታሰብለታል። ሥራው የሚሠራው በአብዛኛው የእርሻ ሥራ በሚቀልበት ወራት፥ ከጥር እስከ ሰኔ ነው። ጧሪ የሌላቸው አረጋውያን፥ አካለ ስንኩላንና ሥራ የማይችሉ ችግረኞች ግን ሳይሠሩ በቀጥታ ይረዳሉ።

ክፍያው መጀመሪያ ሲወሰን ለአንድ የሥራ ቀን 3 ኪሎ እህል ወይም 6 ብር ነበር። በዚህም ስሌት ለአንድ ነፍስ በወር 15 ኪሎ ወይም 30 ብር ይደርሳል። የአንዱ ኪሎ እህል ዋጋ 2 ብር ሲሆን ብሩና እህሉ እኩል ናቸው። የቀኑ ክፍያ በአካባቢው ካለው የቀን ሠራተኛ ደመወዝ ዝቅ እንዲል የተደረገውም በአሳብ ነው፤ ሌላ ሥራ የሚያገኝ ሰው የድኻውን ስፍራ እንዳይሻማ፥ የእርሻውም ሥራ ሠራተኛ እንዳያጣ ነው።

ዳሩ ግን በ2000 ዓ.ም. የእህል ዋጋ በመላው አገር ተወደደ፤ በዚያ ዓመት ክረምት የምግብ ዋጋ ካለፈው ዓመት ከግማሽ በላይ ጨምሮ ተገኘ። የቀኑ ክፍያ በዚያው በ2000 ዓ.ም. ከ6 ወደ 8 ብር፥ በ2002 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 10 ብር ከፍ ተደረገ። ከ6 ወደ 8 ብር ማደግ ሲሦ ጭማሪ ነው፤ እህሉ ግን ከሲሦ አብልጦ ጨምሯልና ብሩ ሊደርስበት አልቻለም።

ነገሩ ግልጥ እንዲሆን አንድ ምሳሌ እነሆ። አምስት አምስት ነፍስ ያላቸው ሁለት ጎረቤታሞች በአንድ ተራራ ላይ እኩል እርከን ሠሩ ቢባል፥ ለእያንዳንዱ ቤት በወር 25 የሥራ ቀን ይታሰባል። አንደኛው በእህል ሲከፈለው 75 ኪሎ ወደ ቤቱ ያስገባል። ሁለተኛው በቀን 8 ብር ሒሳብ 200 ብር ይቀበላል። በገበያ የአንዱ ኪሎ ዋጋ 4 ብር ቢሆን፥ በ200 ብር የሚገዛው 50 ኪሎ ብቻ ነው። በአንድ ወር 25 ኪሎ፥ በስድስቱ ወር 150 ኪሎ፥ ማለት አንድ ኩንታል ተኩል ጐደለበት። ሥራው አንድ፥ ላቡም አንድ ሆኖ ሳለ፥ በመዝገቡ ላይ ሁለቱም ሙሉ ክፍያ ተቀበሉ ተብሎ ይጻፋል። በቀጥታ እርዳታ የሚኖር ብቸኛ ሽማግሌ ደግሞ በዚሁ ሒሳብ 40 ብር ተቀብሎ በ15 ኪሎ ፈንታ 10 ኪሎ ይገዛል፤ እርሱም የጐደለውን ወጥቶ የሚሠራበት ጉልበት የለውም።

በዚያን ዘመን ከተረጂዎች መካከል በብር ፈንታ እህል ይሰጠን የሚሉት እየበዙ የሄዱት ስለዚህ ነው። አንዳንድ ሰው ገበሬ ብር መያዝ አያውቅም ብሎ ተርጕሞት ነበር፤ እውነቱ ግን ገበሬው ሚዛኑን ከማንም ይልቅ አጥርቶ ማወቁ ነው።

ይህ ሲባል ሁልጊዜ እህል ይሰጥ ማለት አይደለም። እህል ማጓጓዣና ጐተራ ይፈልጋል፤ ይነቅዛል፥ በመንገድም ይዘገያል። ገበያው በእህል በሞላበት ስፍራ በብር መክፈል ለተረጂው የፈለገውን የመምረጥ ነጻነት ይሰጠዋል፤ ሻጩንም ገበሬ ይጠቅመዋል። የሚያስፈልገው ብሩ ከእህሉ ሚዛን እንዳይለይ መጠበቅ ነው። ከዚያ ወዲህ የየስፍራውን የገበያ ዋጋ እየመረመሩ የክፍያውን ልክ መወሰን የተደነገገው ለዚህ ነው። በ2007 ዓ.ም. በተጀመረው አራተኛው የሥራ ዘመንም በ15 ኪሎው እህል ላይ 4 ኪሎ ጥራጥሬ ተጨምሮ የልኩ መሠረት ሆነ፤ ሥራ ለማይችሉት ቋሚ ተረጂዎችም እርዳታው በስድስት ወር ፈንታ ዓመቱን ሙሉ እንዲሰጥ ተወሰነ።

ከወረዳ ሹማምንት የሚጠበቀው

የክፍያውን ልክ የሚወስነው የበላዩ መሥሪያ ቤት ቢሆንም፥ ልኩ እውነተኛ የሚሆነው ከታች በሚሄደው ወሬ ነው። ስለዚህ አራት ነገሮችን ማስተዋል ይገባል።

1ኛ፤ የገበያ ዋጋ በእውነተኛው ወር ይጻፍ። እህል አዝመራ በተሰበሰበ ማግሥት በታኅሣሥና በጥር ይረክሳል፥ ወደ ሰኔና ሐምሌ ሲጠጋ ይወደዳል። በጥር ዋጋ የተወሰነ ብር በሰኔ ይጐድላል። ዋጋው ተረጂው በእግሩ ሄዶ በሚሸምትበት ገበያ፥ በየወሩ፥ ድኻው በሚገዛው የእህል ዐይነት ሊመዘገብ ይገባዋል። የከተማን ዋጋ ወስዶ ለገጠር መጻፍ፥ ወይም ያለፈውን ዓመት ወረቀት መገልበጥ፥ ከድኻው ቍና ላይ እንደ መቀነስ ይቈጠራል።

2ኛ፤ ክፍያው በጊዜው ይድረስ። ዋጋ በሚጨምርበት ወራት የዘገየ ብር የተቀነሰ ብር ነው። የሚያዝያው ክፍያ በሐምሌ ቢደርስ፥ ቍጥሩ ሙሉ ሆኖ ሳለ የሚገዛው እህል ያንሳል። እስከዚያውም ድረስ ቤተ ሰቡ በአራጣ ተበድሮ ከቆየ፥ የደረሰው ገንዘብ ከተረጂው እጅ ሳያድር ወደ አበዳሪው ይሄዳል።

3ኛ፤ ድርሻ አይከፋፈል። ለጎረቤትም እንዲደርስ በሚል መልካም አሳብ፥ አምስት ነፍስ ያለውን ቤት ሦስት ነፍስ ብሎ መጻፍ በብዙ ስፍራ የታየ ነገር ነው። ነገር ግን በዚህ መንገድ በ75 ኪሎ ፈንታ 45 ኪሎ የተቀበለ ቤት፥ ለአንድ ነፍስ የሚደርሰው 9 ኪሎ ብቻ ነው። በ9 ኪሎ ወሩን የሚዘልቅ ሰው ስለማይኖር፥ ፍየሉንና በሬውን ወደ ገበያ ማውጣቱ አይቀርም፤ ሴፍትኔት የተቋቋመው ግን ይህን ለማስቀረት ነበር። ችግረኛው ከድልድሉ በዝቶ ከተገኘ፥ ትክክለኛውን ቍጥር ለበላይ ማስታወቅ እንጂ፥ በመዝገብ ላይ ነፍስ መቀነስ መፍትሔ አይሆንም።

4ኛ፤ ሁለቱም ሚዛኖች በአንድ ሰሌዳ ይያዙ። ይህ ብዙ ትምህርት የሚጠይቅ ሥራ አይደለም። በአንድ ረድፍ የቀኑን ክፍያ በብር፥ በሁለተኛው ያ ብር በዚያ ወር ስንት ኪሎ እንደሚገዛ፥ በሦስተኛው በአካባቢው ለቀን ሠራተኛ የሚከፈለውን ደመወዝ መጻፍ ይበቃል። ሁለተኛው ረድፍ ከ3 ኪሎ በታች ሲወርድ፥ ክፍያው የተወሰነበትን ልክ እንዳጣ ይታወቃል። የቀኑ ክፍያ ለምሳሌ ከሠራተኛው ደመወዝ ግማሽ የነበረው ወደ ሩብ የወረደ እንደ ሆነ ደግሞ፥ ክፍያው ሌላ ሥራ ያለውን ሰው በመከልከል ብቻ ሳይቀር፥ ችግረኛውን ራሱን የሚያባርር ሆኗል ማለት ነው። አባወራው ለቀን ሥራ ወደ ሩቅ አገር ይሄድና፥ የእርከኑ ሥራ ለሚስቱና ለደካሞቹ ይቀራል።

ከእንግሊዝ አገርም ከኢትዮጵያም ታሪክ የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው። በአንደኛው አገር የእርዳታው ገንዘብ ከደመወዝ ሚዛን ቀስ በቀስ በብዙ ዓመት ራቀ፤ በሁለተኛው ከእህል ሚዛን በአንድ ክፉ ዓመት ወደቀ። በሁለቱም ስፍራ በመዝገብ የተጻፈው ቍጥር አንድ ጊዜ እንኳ አልቀነሰም፤ እንዲያውም ይጨምር ነበር። ስለዚህ ቍጥሩን ብቻ የሚያይ ሹም መልካም ዘመን የሆነ ሊመስለው ይችላል። በቅዳሜ ገበያ ብሩን ይዞ ከእህል ሻጩ ፊት የሚቆመው ተረጂ ግን ልዩነቱን በአቍማዳው ክብደት ያውቀዋል። የሹሙ መዝገብና የተረጂው አቍማዳ አንድ ቃል እንዲናገሩ ማድረግ፥ ሥራው በአደራ የተሰጠው ሰው ሁሉ ግዴታ ነው።